በእሷ በኩል ያሉት ጭረቶች

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ መስታወት» ነው የሚለው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ዝናብ በጣለ ማግስት የሌላው አውቶቡስ እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሶ ሲመጣ፣ በእሱ ግን ሰው አጠገቡ ቆሞ ፀጉሩን ያበጥርበት ነበር። ጡረታ ሲወጣ አንዲት ትንሽ ነጭ የቤት መኪና ገዛ። ብዙ እጅ ያየች አሮጊት መኪና ናት፤ እሱ እጅ ከገባች ወዲህ ግን ዕድሜዋን የሚያውቀው ሊብሬዋ ብቻ ነው።

መኪናዋ ሕግ አላት። የሚገባባት ሰው እግሩን ያራግፋል። የሚበላ ነገር አይፈታባትም። በሯ አይወረወርም፤ «በር ይዘጋል እንጂ አይደበደብም» ይላል ጋሽ መስታወት። ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማረች ናት፤ እሱም «መምህርዬ» እያለ ነው የሚጠራት። «አንተ መኪና ውስጥ ከመግባት ፈተና ክፍል መግባት ይቀላል» ትለዋለች፤ ቢሆንም ሕጉን ታከብርለታለች። ሁለቱም ጡረታ ከወጡ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ አብረው ይወጣሉ፤ አንዴ ገበያ፣ አንዴ ታላቅ እህቷ ቤት፣ አንዳንዴም የትም ሳይሆን እንዲሁ ለመንሸራሸር።

ታዲያ አንድ ማለዳ ጨርቁን ይዞ ውስጧን ሲወለውል፣ በሚስቱ መቀመጫ በኩል፣ ቀበቶ የሚሰካበት አካባቢ ባለው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ቀጫጭን ነጫጭ ጭረቶች አየ። ክው አለ። በእርጥብ ጨርቅ አሸው፤ አልለቀቀም። ቀና ሲል የዳሽቦርዱ መሳቢያ መክፈቻ ዙሪያም አሉ።

«መምህርዬ! ምን ይዘሽ ነው መኪና የምትገቢው?»

«ምን እይዛለሁ? ቦርሳዬን ነዋ» አለች ከቤት ውስጥ።

«ቦርሳሽ ጥፍር አብቅሏል እንዴ? ነይ እዪው እስቲ፣ ድመት ታስራ ያደረችበት መስሏል።»

ወጣችና በበሩ በኩል ጎንበስ አለች። እሱ በጣቱ አሳያት። «ውይ፣ እውነትህን ነው» አለች። «እጠነቀቃለሁ።»

ጥንቃቄው ግን አልታየም። በየሳምንቱ አዳዲስ ጭረት ይጨመራል። ጋሽ መስታወት መጮህ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ማጉረምረም ግን ይችልበታል። አንድ ቀን ከእህቷ ቤት ሲመለሱ ስታጎነብስ ክርርር የሚል ድምፅ ሲሰማው ትዕግሥቱ አለቀና፣ «ያን ሁሉ ዓመት ስንት ሺህ ሰው ሳሳፍር እንዳንቺ የጫረብኝ የለም!» አላት። ሚስቱ ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አቀፈችው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲወጡ የፊቱን በር ትታ ከኋላ ገባች። «ከኋላ ይሻለኛል፤ እግሬን እዘረጋለሁ» አለች። እሱም ደንበኛ እንደጫነ ታክሲ ነጂ ብቻውን ከፊት ተቀምጦ ነዳ። ደስ አላለውም፤ ግን ጭረቱም ቆሞለት ነበርና አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አየ። የግራ እጇ ጣት ባዶ ነው።

«ቀለበትሽስ?»

«ጣቴ ትንሽ አብጦ ጠበበኝ። ቁም ሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት ከጣቷ ወርዶ የማያውቅ ቀለበት ነው። ጋሽ መስታወት «እሺ» አለ፤ እሺታው ግን እንደ እሾህ ውስጡ ተሰክቶ ቀረ። አኮረፈችኝ ማለት ነው ብሎ አሰበ። ለአንድ ጭረት? ከዚያ የበለጠ ደግሞ ለማሰብ ፈራ። ሰው ሲጨንቀው በእጁ ያለውን ነገር ይነካካልና፣ «በቃ ይህንን ጭረት አስጠፍቼ እገላገላለሁ፤ ያኔ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል» አለ።

አንድ መካኒክ ወዳጁ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ የምትሠራ አንዲት ሴት ጠቆመው። የመኪና ውስጥ ብቻ ነው የምትሠራው፤ ወንበር፣ ዳሽቦርድ፣ ፕላስቲክ። ሲደርስ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ጠባብ ቤት ናት፤ ግድግዳው ላይ ሦስት የፀጉር ማድረቂያዎች ተሰቅለዋል፣ ከሥራቸው የታጠቡ ለስላሳ ጨርቆች በየቀለማቸው ታጥፈው ተደርድረዋል። ሴትየዋ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባለች።

«ልጄ፣ ተሳስቼ ፀጉር ቤት ገባሁ መሰለኝ» አላት።

«አልተሳሳቱም ጋሼ። አሥራ ሁለት ዓመት ፀጉር ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ወደ መኪና ዞርኩ» አለች እየሳቀች። «ፕላስቲክ ይሻላል። መሃል ላይ ብድግ ብሎ ‹አይ፣ እንደ እከሊት አድርጊልኝ› አይልም።»

በሩን ከፍታ ተንበረከከች። ጭረቱ ላይ የጠቋሚ ጣቷን ጥፍር በቀስታ ሳበችው። «ጥፍር ከያዘው ጠባሳ ነው፤ ካልያዘው ጭረት ነው። ይኼ ጭረት ነው፤ ይለቃል።» መጀመሪያ በሳሙና ውኃ በለስላሳ ብሩሽ አጠበችው። «ግማሹ ጭረት የሚመስለው ነገር ቆሻሻ ነው» አለችው። አደረቀችና ማድረቂያውን ሰካች፤ ግን ወዲያው ጭረቱ ላይ አልያዘችውም። ከወንበሩ ሥር ሰው የማያየው ቦታ ላይ ሞከረች። «ሁሉም ፕላስቲክ ሙቀት አይወድም። ሳልጠይቀው አልነካውም።»

ጋሽ መስታወት ይህቺን ሴት ወደዳት። ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልጋት የነበረች ጠንቃቃ ሰው አገኘ።

ሥራ ጀመረች። እጇ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ማድረቂያው ይሄዳል ይመለሳል፣ ይሄዳል ይመለሳል። የፕላስቲኩ ሻካራ ቆዳ ሲሞቅ ትንሽ ለስለስ ይልና ነጩ መስመር እየደበዘዘ ይሄዳል። ድንገት አቆመችና አንገቷን አዘንብላ ተመለከተች።

«ጋሼ፣ በዚህ በኩል ማን ነው የሚቀመጠው?»

«ባለቤቴ። ቦርሳዋ ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

«ቦርሳ አይደለም። ቦርሳ ቢሆን ወደ አንድ በኩል ጭሮ ያልፋል። ይኼ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እንደገና ይመለሳል። የሚፈልግ እጅ ነው።»

«ምን የሚፈልግ?»

ሴትየዋ ማድረቂያውን አጠፋች። ከዚያ፣ «እስቲ እሳቸው ቦታ ይቀመጡልኝ። ቀለበት አድርገዋል አይደል? ዓይንዎን ይጨፍኑና ቀበቶውን ይሰኩ» አለችው።

ሳቀ። ይህችን መኪና እስከ ብሎኗ ያውቃታል፤ ተኝቶ እንኳ ቀበቶ አይስተውም። ገብቶ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቀበቶውን ጎተተ። በግራ እጁ መሰኪያውን ፈለገ። የለም። ወደ ኋላ ሄደ፤ የለም። ወደ ፊት ተመለሰ፤ እጁ ወንበሩና ፕላስቲኩ መካከል ገባ፤ ክርርር አለ። ያ ድምፅ። ዓይኑን ገለጠ። ቀለበቱ የቆመው ልክ ጭረቶቹ ያሉበት ቦታ ላይ ነው።

«እናቴም እንዲህ ነበረች» አለች ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የበሯ ቁልፍ ቀዳዳ ዙሪያ ተጫጭሮ አየንና ሌባ መሰለን። ቁልፉን ቀየርነው። እሷም ዝም አለች። ዓይኗ መሆኑን ያወቅነው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።»

ጋሽ መስታወት ከወንበሩ አልተነሳም። ያለፈው ዓመት አንድ በአንድ ይመጣበት ጀመር። መምህርዬ መኪና ውስጥ አፏ አያርፍም ነበር፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፣ አንብባም ታርማለች። «ይኸው ደግሞ ‹ሥራ›ን በእሳቱ ሰ ጻፉት! ንጉሡ ሠ ምን በደላቸው?» ትላለች። እሱ እየነዳ «ተዪአቸው እባክሽ፣ ጡረታ ወጥተሻል» ይላታል። ከመቼ ወዲህ ነው ዝም ያለችው? ሰለቻት ብሎ ነበር። እንዲያውም መኪናው ጸጥ አለ ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ያን ቀን ጭረቱን በጣቱ ሲያሳያት ደግሞ እሷ ጎንበስ ብላ «እውነትህን ነው» ያለችው ሌላ ቦታ እያየች ነበር። አይቶታል፤ ግን አላስተዋለውም። ከኋላ የገባችው እግሯን ለመዘርጋት አይደለም። ቀለበቷንም ያወለቀችው አኩርፋ አይደለም። መኪናውን እንዳትጭርበት ነው።

ዓይኑ እንባ ሞላ። ሴትየዋ አየችው። ማድረቂያውን አበራችና በሌላኛው በር በኩል ዞራ፣ ምንም ጭረት የሌለበትን ቦታ ታሞቅ ጀመር። በዚያ ጩኸት መሃል አንድ ሽማግሌ ሲያለቅስ ማንም አይሰማም።

ቆይታ አጠፋችውና፣ «ልተወው ጋሼ?» አለችው።

«አይ፣ አትተዪው። ግን የእጅሽን አሠራር አሳዪኝ። ከዛሬ ወዲያ እኔ ራሴ ነኝ የምሠራው።»

አሳየችው። ማድረቂያውን ምን ያህል ማራቅ እንዳለበት፣ እጁ እንዳይቆም፣ የሚያብረቀርቀውን ፕላስቲክ በማሞቅ ሳይሆን ትንሽ ማለስለሻ ቅባት በጨርቅ ይዞ ክብ ክብ እያደረገ እንዲያሸው። የእሱ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ የያዘ እጅ ነውና ይጫነዋል። «ቀስ ጋሼ፣ ቀስ! የልጅ ፀጉር ነው ብለው ያስቡ» አለችው።

ቤት ሲደርስ መምህርዬ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ልብስ ታጥፋለች። እጇ የሸሚዙን አንገት ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ትከሻውን ይፈልጋል። ቆሞ አያት። ይህንንም ስንት ጊዜ አይቶት አልፏል። አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በመንገድ ላይ ብዙ ነገር ሊላት አዘጋጅቶ ነበር፤ አሁን ሁሉም ጠፋበት።

«ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ ቀበቶ ልሰካ ሞከርኩ» አላት።

«ምን ሆነህ?»

«አንቺ እንዴት እንደምትሰኪ ለማወቅ።»

እጇ ሸሚዙ ላይ ቆመ።

«ማን ነገረህ?»

«ቀለበቴ።»

ያን ጊዜ ፊቷ ተሰበረ። «መጀመሪያ ጭጋግ መሰለኝ» አለች። «መነጽሬን ስጠርግ፣ ስጠርግ… መነጽሩ አይደለም ለካ። ዓመት አለፈው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እህቴን ታውቃታለህ። በገዛ እግሯ ሄዳ ዓይኗን ታከመች፣ በሰው እጅ ተመርታ ተመለሰች። ይኸው አምስት ዓመት። እሷ ቤት በሄድን ቁጥር አጠገቧ ያለው ባዶ ወንበር የኔ ይመስለኛል። ካልታከምኩ ቢያንስ ያለችኝን ታህል አያለሁ ብዬ ነው።» እንባዋን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገች። «አንድ ቀን ግን ቆርጬ ነበር። ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ ስወጣ ጭረቱን ልታሳየኝ ጠራኸኝ።»

«አፌን በቆረጠው» አለ ጋሽ መስታወት። «ይቅር በዪኝ። እንደ ፈለግሽ ጭሪው። ደግሞ ከፊት ነው የምትቀመጪው። ጭረት ማጥፋት ተምሬ መጥቻለሁ፤ አንቺ ትጭሪያለሽ፣ እኔ አጠፋለሁ።»

«አንተ? አንተ መኪናህ ሲጫር ዝም ብለህ ልታይ?»

«ዝም ብዬ አልልም፤ ትንሽ አጉረመርማለሁ።»

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ተነስቶ ገባና ቀለበቱን ከመሳቢያው ይዞ መጣ። «ጠቦኛል ብዬሃለሁ እኮ» አለች። በጣቷ ሲያስገባው ግን ምንም ሳይይዘው ገባ፤ እንዲያውም ትንሽ ሰፍቷታል። «ስንት ዓመት ‹ልጆች፣ መዋሸት ነውር ነው› ስትዪ ኖረሽ!» አላት። «ሰው አርጅቶም ይማራል» አለችው።

በማግስቱ ወደ ዓይን ሐኪም ቤት ሄዱ። መምህርዬ ከፊት ተቀምጣለች፤ መንገዱን ሁሉ የቦርሳዋን ማንገቻ አጥብቃ ይዛለች። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆመች።

«ምን ይላል ጽሑፉ?»

«‹የአይን ሕክምና› ይላል።»

«በየትኛው ዐ?»

ቀና ብሎ አየ። «በአልፋው አ።»

«እንመለስ!» አለች። «‹ዓይን›ን በዓይኑ ዐ መጻፍ የማያውቁ እንዴት አድርገው ነው የኔን የሚያክሙት?» ግን የቦርሳዋን ማንገቻ አሁንም አልለቀቀችውም፤ ቀልዱም ፍርሃቷን ለመሸፈን እንደሆነ ገብቶታል። ክንዱን ሰጣትና ገቡ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በመብራት አየቻት፣ በመሣሪያ አየቻት፣ ጠብታ አድርጋ ግማሽ ሰዓት አስጠብቃ እንደገና አየቻት። ጋሽ መስታወት ቆቡን በእጁ ሲያሽ ቆይቶ አላስቻለውም።

«ዶክተር፣ ጠባሳ ነው ጭረት?»

«ምን አሉኝ አባባ?»

«ማለቴ… የሚለቅ ነው ወይስ የማይለቅ?»

«የሚለቅ ነው» አለች ፈገግ ብላ። «የዓይን ሞራ ነው። በሁለቱም ዓይን አለ፤ ቀኙ ይብሳል፣ ከእሱ እንጀምራለን።» መምህርዬ የእህቷን ነገር አነሳች። ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ እጇን ያዘቻት። «እማማ፣ የእህትዎ ሕመም ሌላ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ዓይን ሞራው ቢወጣም ከኋላ ያለው ነርቭ ቀድሞ ተጎድቶ ይቆያል፤ ያንን እኛ አንመልሰውም። የእርስዎን ነርቭ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው። መቆየቱ ነው የሚጎዳዎት እንጂ መምጣቱ አይደለም።»

ቀጠሮው በሳምንቱ ሆነ። ቀዶ ጥገናው ጋሽ መስታወት ኮሪደሩ ላይ አንዴ ደርሶ እስኪመለስ ያህል ነበር ያለቀው፤ እሱ ግን ዓመት መሰለው። ዓይኗን በነጭ ፋሻ ሸፍነው ሰጡትና ነገ ይዘሃት ና አሉት።

በማግስቱ ገና ወፍ ሲንጫጫ ተነስቶ አለባበሷን ተረከበ። ቀሚሷን አቀበላት፣ ሹራቧን ቆለፈላት፣ ተንበርክኮ ጫማዋን አደረገላት። የአንዱን ማሰሪያ ቋጥሮ፣ ፈትቶ፣ እንደገና ቋጠረው። «ምነው፣ ፋሻ የሚፈታለት አንተ ነህ እንዴ?» አለችው።

ሐኪሟ ፋሻውን ቀስ ብላ አነሳችው። መምህርዬ ጥቂት ጊዜ ዓይኗን ስታርገበግብ ቆየች። መጀመሪያ ግድግዳውን አየች። «ነጭ ነው እንዴ?» አለች። «ሁሉ ነገር ሻይ የፈሰሰበት ነበር የሚመስለኝ።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። ዝም ብላ አየችው፤ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ አገጩን። እጇን ዘርግታ ጉንጩን ነካች። «ስትላጭ እዚህ ጋ ትዘላለህ» አለችው። እሱ የነካችውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰው።

ለመነሳት ወደ ታች ስታይ ግን ዓይኗ እግሯ ላይ ቀረ።

«አንተ!»

«ምነው?»

«ይኼ ጥቁር ነው። ይኼኛው ቡናማ ነው።»

ጋሽ መስታወት አጎንብሶ አየ። ሁለት የተለያየ ጫማ ነው፤ በፍርሃቱ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ አንስቶ አድርጎላታል። «ዓይኔን የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አለችው። ሐኪሟ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች፤ እሱም መጀመሪያ አፈረ፣ ከዚያ ራሱን መግታት አቅቶት እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቤት ሮጬ ጫማ ላምጣ ቢላት እምቢ አለች። በኮሪደሩ መካከል፣ ሰው እያየ፣ አንድ ጥቁር አንድ ቡናማ እያደረገች አንገቷን ቀና አድርጋ ወጣች።

ከዚያ ወደ ቤት አልሄዱም። እህቷ ቤት ውሰደኝ አለችው። እህትየው በመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበሯ ሳትነሳ፣ «ማየት መጀመርሽን በእርምጃሽ አወቅሁ፤ ዛሬ ግድግዳ ሳትነኪ ነው የገባሽው» አለቻትና እጇን ዘረጋች። መምህርዬ ከእግሯ ሥር ተቀምጣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ የጫማውንም ነገር። እህትየው ጎንበስ ብላ አንዱን ጫማ በጣቶቿ ዳሰሰች፣ ሌላውን ዳሰሰች፣ ተረከዙን፣ ማሰሪያውን።

«አንድ ዓይነት ናቸው እኮ!» አለች። «እናንተ የምታዩ ሰዎች ነገር ታበዛላችሁ።»

ሁለቱ እህትማማቾች ተቃቅፈው ሳቁ። ሲስቁ ቆይተው ድምፃቸው ተለወጠ፤ ቢሆንም አልተለቃቀቁም። ጋሽ መስታወት ቆቡን እንደያዘ በሩ ጋ ቆሟል፤ ልውጣ ልግባ ሲል ቆየና፣ ወንበር አምጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።